ስምንተኛዋ መኪና

ባለሰባቱ የሚባሉት ሰውዬ ስምንት የጭነት መኪና ነበራቸው። ስምንተኛዋ አትቆጠርም። ሞተሯ ወጥቶ፣ ጎማዋ ተፈትቶ፣ ከግቢው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተደላድላ የተቀመጠች ነበረች። ሹፌሮቹ «አሮጊቷ» ይሏታል።

ሰባቱ ግን መኪና ነበሩ። አረንጓዴ ሆነው ግንባራቸው ላይ ቢጫ መስመር የተሰመረባቸው፣ ጠዋት ሲነሱ የቢሮውን መስታወት የሚያንቀጠቅጡ። እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ በየዓመቱ አንድ አንድ የተገዙልኝ ይመስለኝ ነበር። ዱቄት የጫነችው ነጭ ሆና ትመለሳለች፣ ጡብ የጫነችው ቀይ ሆና። ሹፌሩም እንደ መኪናው ነው። ማን የት እንደዋለ ለማወቅ ቅንድቡን ማየት ይበቃል። ከእነሱ የሚበልጥ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግረኝም አላምነውም።

አባቴ ሦስተኛዋን ይነዳ ነበር። ታሞ ሲሞት ባለሰባቱ እናቴን አስጠርተው መስኮቷን ሰጧት። መስኮቷ ማለት ቢሮው ነው፤ ከአንድ መስኮት፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ማህተም በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም። እናቴ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ሰው ናት። የጭነት ወረቀት ትጽፋለች፣ ማህተም ትመታለች፣ በመስኮቱ አሳልፋ ለሹፌሩ ትሰጣለች። እኔ ትምህርቴ ግማሽ ቀን ስለነበር እኩለ ቀን ላይ መጥቼ ከጠረጴዛዋ ሥር እቀመጣለሁ። ከዚያ ሆኜ የማየው የሰው እግር ነው። የሰው እግር ብዙ ያወራል።

እናቴ ማህተሙን ከመታች በኋላ የወረቀቱን ጥግ ታጥፍ ነበር። ወደ ዱቄት ፋብሪካው የሚሄደውን አንዴ፣ ወደ ጡቡ የሚሄደውን ሁለቴ፣ ወደ ጨው መጋዘኑ የሚሄደውን ግራና ቀኙን። ሹፌሮቹ ወረቀቱን ሲቀበሉ አያዩትም። በአውራ ጣታቸው ጥጉን ዳሰስ ያደርጉና «እሺ እታለም» ብለው ኪሳቸው ይከቱታል። እኔ ለማስዋብ የምታጥፈው መስሎኝ የደብተሬን ቅጠል ሁሉ አጠፍኩት። አስተማሪዬ በምላሹ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ማጠፉ ለጌጥ እንዳልነበረ የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ የተቆነጠጠው ጆሮዬ ግን ያኔውኑ ገብቶት ነበር።

አንድ ቀን ባለሰባቱ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ። ማንበብ የሚችሉት ሁለቱ ሹፌሮች መንገድ ላይ ነበሩ። የቀሩት አምስቱ ከወረቀቱ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ለቀስተኛ ቆሙ። ከዚያ አንድ በአንድ ተበተኑ።

መጀመሪያ ወደ እኔ የመጡት ጋሽ ፍሬቻ ናቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ነበሩ። ፍሬቻ የተባሉት ሲጨንቃቸው የግራ ዓይናቸው እንደ መታጠፊያ መብራት ብልጭ ድርግም ስለሚል ነው።

«ነይ እስቲ ሚጢጢዬ» አሉኝ። «ዝም ብለሽ ነው ቦርሳ ተሸክመሽ የምትመላለሺው ወይስ የተማርሽው አለ? ያቺን አንብቢልኝ።»

ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩላቸው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ በጽሑፍ ይፈተናል፤ ያላለፈ መንጃ ፈቃዱ አይታደስለትም ይላል። ጋሽ ፍሬቻ ዓይናቸው ወደ ግራ መታጠፍ ጀመረ።

«ትክክል ነው» አሉ። «ጎበዝ።»

ትንሽ ቆይቶ ሙሽራው መጣ። ይሄ ደግሞ ማበጠሪያ ከእጁ የማይለይ ጎረምሳ ሹፌር ነው፤ ባያገባም ስሙ ወጣለት።

«ያ ሽማግሌ ዝም ብሎ ነው ያሳለፈሽ፤ እሱ ለልጅ ይራራል» አለኝ። «ለእኔ አንብቢልኝና ልይሽ።»

አነበብኩለት። እሱም አሳለፈኝ። እስኪመሽ አምስቱም ተራ በተራ ፈተኑኝ። በሕይወቴ በአንድ ቀን አምስት ፈተና ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሹፌሮች ስለ ልጆች ትምህርት እንዲህ የሚጨነቁ ሰዎች መሆናቸውን ለክፍሌ ልጆች ነገርኳቸው። ቀኑባቸው።

በማግስቱ ባለሰባቱ መስኮቱ ላይ ክርናቸውን አሳርፈው እናቴን «እንግዲህ ማንበብ የማይችል ካለ ከአሁኑ ንገሪኝ» አሏት። «ቁልፉን ለሚችል እሰጣለሁ። በፈተናው ቀን መኪናዬ ቆማ እንድትቀር አልፈልግም።»

«ሁሉም ያነባሉ ጋሼ» አለች እናቴ፣ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

እኔም ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። የፈተኑት እኔን አይደል?

በዚያው ሳምንት የንባብ መጽሐፌ ጠፋ። አይጥ በላው ብዬ ለአስተማሪዬ ነገርኳት፤ እናቴም አይጡን ስትራገም ሰማኋት። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ እናቴ መስኮቷን ዘግታ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ከግቢው ጀርባ ወደ አሮጊቷ መሄድ ጀመረች። ተከተልኳት። ጋቢናው ከፍ ያለ ስለሆነ ከሥር የሚታየው ራስና እጅ ብቻ ነው። እናቴ መሪው ጋ ተቀምጣለች፣ ጋሽ ፍሬቻ ከጎኗ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው መሪውን ያያሉ። ጋሽ ፍሬቻ መሪው ላይ በጣታቸው የሆነ ነገር ያሳያሉ። በማግስቱ ሙሽራው ገባ። በሦስተኛው ቀን ሌላው።

ነገሩ ገባኝ። እናቴ መኪና መንዳት እየተማረች ነው።

መጽሐፌን መሪው ላይ አስደግፋው እንደነበር ያወቅሁት አድጌ ነው። መሪ ጥሩ የመጽሐፍ ማስቀመጫ ይሆናል። በምሳ ሰዓት እዚያ ግቢ ውስጥ አምስት ጎልማሳ ማንም ሳያየው ፊደል የሚቆጥርበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ቢሮው መስኮት ነው። ጋራዡ ወሬኛ ነው። ቤታቸው ደግሞ አባታቸው ሁሉን የሚያውቅ የሚመስላቸው ልጆች አሉ።

ወሬ እንደ ዱቄት ነው፤ ሸራ ብታለብሰውም ይበናል። እሁድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በላስቲክ ከተሸፈነችው ጠረጴዛችን አጠገብ ተቀመጠች፤ የቀረበላትን ሻይ ወደ ጎን ገፋች። አክስቴ ሻይ ከገፋች ነገር አለ።

«ሰው ሲያወራ አፍሬ መጣሁ» አለች።

«ምን አወራ እትዬ?»

«በምሳ ሰዓት! ጋቢና ውስጥ! ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው! የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ!»

«ሁለት ዓመት አለፈው እኮ።»

«አፈር በየክረምቱ ይረጥባል!» አለች አክስቴ። «በይ ንገሪኝ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

እናቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላስቲክ በእጇ አስተካከለች። የተስተካከለ ነበር።

«ልነግርሽ አልችልም።»

«እንግዲያው ልጅቷን እወስዳታለሁ። የወንድሜ ልጅ የሰው አፍ ማሟሻ ሆና አታድግም። እኔ ቤት ምን ይጎድላታል?»

ምንም አይጎድለኝም። አክስቴ ቤት ቴሌቪዥን ነበር። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሲዘጋ እንኳ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ያምራል። ደስታዬን ፊቴ ላይ እንዳያዩብኝ አንገቴን ደፋሁ። ነገር ግን እናቴ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር እየተማረች በአክስቴ ፊት አንገቷን መድፋቷ ቆጨኝ። ልታስደንቃት ሲገባ!

«እማዬ መኪና መንዳት እየተማረች እኮ ነው!» አልኩ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሲፈልጉት የከረሙት ቁልፍ በልጅ እጅ ሲገኝ የሚታየው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«አዎ» አለች። «እየተማርኩ ነው።»

«በየትኛዋ መኪና?»

«በአሮጊቷ።»

«ሞተር የላትም እኮ!»

«ለዚህ ነው አደጋ የሌለው» አለች እናቴ።

አክስቴ ሻዩን ወደ ራሷ መለሰች፤ አልጠጣችውም። «ጥሩ። ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። ሞተር ያላትን ስትነጂ። ካልነዳሽ ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ አትለምኚኝ።»

አክስቴ የተናገረችውን ትፈጽማለች። ሰኞ ጠዋት ባለሰባቱ ጋ ሄዳ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የመስኮቷ ሴት ልትነዳ? ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛዋን ስጧት። እስቲ ጉዳችንን እንይ!»

ያን ቀን ሹፌሮቹ አሮጊቷ አጠገብ ተሰበሰቡ። እኔ ከታጠፈ ሸራ ኋላ ነበርኩ።

«ለሴትዮዋ እውነቱን ንገሪያት እታለም» አለ ሙሽራው። «ልጅሽን ልትወስድብሽ ነው እኮ!»

«እሷ ካወቀች ጋሼ ያውቃሉ። እሳቸው ካወቁ ቁልፍ ታስረክባላችሁ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እናንተ ደግሞ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ። የሰው ገመና ይዤ አደባባይ አልወጣም።»

ገመና የመኪና ዕቃ መሰለኝ። ከባድ መሆን አለበት፤ አምስቱም አንገታቸውን ደፉ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

«ምን ይሻላል ማለት ምንድነው? መንዳት አስተምሩኝ እንጂ!»

«በአራት ቀን?»

«እኔ እናንተን በስንት ቀን ነው የማስተምራችሁ?»

ሰባቱ መኪኖች ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው። ያለችው አሮጊቷ ብቻ ናት። ስለዚህ እናቴ መንዳት የተማረችው ሞተር በሌላት መኪና ነው። ችግሩ፣ ማርሽ የሚቀየረው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ነው። ይሄንን ደግሞ ጋሽ ፍሬቻ ፈቱት። ከጎኗ ተቀምጠው በአፋቸው ሞተር ሆኑ።

«እ-እ-እ-እን!» ይላሉ፤ ጉንጫቸው ተነፍቶ። «አሁን ፍሪሲዮኑን ርገጪ! በግራ እግርሽ! ርገጪ... ማርሹን ግፊ... ቀስ ብለሽ ልቀቂ... እን-እን-ጵ! ጠፋሁ! ገደልሽኝ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ፍሪሲዮኑን እንደ በረሮ ረገጥሽውና እንደ በረሮ ለቀቅሽው። እንደ እርጎ ልቀቂው፣ እንዳይፈስ! ድጋሚ። እ-እ-እ-እን!»

በሳምንቱ መካከል ጋሽ ፍሬቻ ድምፃቸው ሰለለ። ሙሽራው ተተካ፤ እሱ ግን ሞተሩ ቀጭን ነው፣ እናቴ ወዲያው የታክሲ ነው አለችው። በመሃሉ ትምህርቱም አልተቋረጠም። ሃያ ደቂቃ መጽሐፍ፣ ሃያ ደቂቃ ሞተር። ሁለቱንም ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁለቱንም አንድ ነገር አድርጌ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት አይቻለሁ። አስተማሪና ተማሪ በየሃያ ደቂቃው ቦታ የሚለዋወጡበት አላየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ። ልብሴን፣ ማበጠሪያዬንና አንድ ጫማ የጎደላትን አሻንጉሊቴን በቦርሳ ከትቼ ይዤ ወጣሁ። እናቴ ቦርሳውን አየች። ሐሳቤ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለነበር ምን ያህል ቀን እንደማልመለስ አላሰብኩም ነበር።

ሦስተኛዋ ታጥባ ግቢው መሃል ቆማለች። መኪኖቹ አልወጡም። ባለሰባቱ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል፣ አክስቴ እጇን አጣጥፋ በሩ ጋ ቆማለች። ሹፌሮቹ ከነዳጅ በርሜሉ አጠገብ ተደርድረዋል። ጋሽ ፍሬቻ ሲጋራቸውን ለኩሰዋል፤ ዓይናቸው ያለ ዕረፍት ወደ ግራ ይታጠፋል።

እናቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጋቢናው ላይ ወጣች። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ አጨበጨብኩ። መኪናዋ አንዴ ወደ ፊት ዘለለችና ጠፋች።

እንደገና አስነሳች። እንደገና ዘለለች፣ እንደገና ጠፋች። በሦስተኛው አልተነቃነቀችም።

ባለሰባቱ መጀመሪያ ሲስቁ ነበር። ሳቃቸው አለቀ። ከወንበራቸው ተነስተው ወደ መኪናዋ ቀረቡ። «አንቺ ልጅ» አሉ። «ታዲያ እዚያ ጋቢና ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ምን ስትሠሪ ነበር የከረምሽው?»

እናቴ መሪውን ይዛ ፊት ለፊት አየች። አክስቴ እጇን ፈታች። ወደ እኔ አንድ እርምጃ ስትራመድ አየኋት፤ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«እኔ ልናገር» አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

«አይናገሩ!» አለች እናቴ ከላይ።

ጋሽ ፍሬቻ ግን ወደ ነዳጅ በርሜሉ ዞሩ። በርሜሉ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ጣታቸውን አቅርበው ከመጀመሪያው ፊደል ጀመሩ።

«ማ...» አሉ። «ማ-ጨ-ስ። ማጨስ። ክል... ክል-ክል። ነ-ው።»

ቆም ብለው ያነበቡትን አሰቡት። ከዚያ ሲጋራውን ከአፋቸው አወጡና መሬት ላይ ጣሉት፤ በጫማቸው ረጋገጡት።

«ይሄን ነው ስታስተምረኝ የነበረው» አሉ።

«እኔንም» አለ ሙሽራው። «እኔ ግን ገና ማጨ ላይ ነኝ።»

የቀሩት ሦስቱም «እኔንም»፣ «እኔንም»፣ «እኔንም» አሉ። ማንም አልሳቀም። ባለሰባቱ በርሜሉን አዩ፣ የተረገጠውን ሲጋራ አዩ፣ ጋሽ ፍሬቻን አዩ።

«አሥራ ስምንት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ጋ ቆመህ ስታጨስ፣ እኔን ንቀኸኝ መስሎኝ ስቃጠል ኖርኩ እኮ!»

«በጌታ! እርስዎን?»

ባለሰባቱ በመሀረብ ፊታቸውን ጠረጉ። «ቁልፍ የሚያስረክብ የለም። ትምህርቱም ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ይሁን። ጋቢናው በእኩለ ቀን ሰው ይቀቅላል።»

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጋሽ ፍሬቻ ነዳጅ አጠገብ ሲያጨሱ ተይዘው፣ እንደ እኛ ክፍል ልጆች ደንቡን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ተቀጡ። ያንን ያህል ቀስ ብለው ያነበቡት በኩርፊያ ነው። የእናቴን ቀን ስላበላሹባት ተናደድኩባቸው። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ የደበቀውን ነገር፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዳትወሰድ ብሎ በሰው ፊት ፊደል በፊደል ሲያፈርጠው ማየቴን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቴ ሆኖ፣ እሷም አርጅታ። እስክትጨርስ ሁለታችንም ሻያችንን አልነካንም።

«በይ ውረጂ» አሏት ባለሰባቱ እናቴን። «አልቋል። መንዳት አያስፈልግሽም።»

«ቆይ» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ ለምን እንደነዳች ስጠይቃት «ወጥቼ ነበራ» ትላለች እስከ ዛሬ። ቁልፉን አዞረች። ጋሽ ፍሬቻ ሮጠው ከመኪናዋ በር ሥር ቆሙ። «እንደ እርጎ!» አሉ በሰለለው ድምፃቸው። «እንደ እርጎ እታለም!»

ሦስተኛዋ አንዴ ተንገጫገጨች። ከዚያ፣ ማንም የገፋት ሳይመስል፣ መሄድ ጀመረች። ሹፌሮቹ በሁለት ጎን ግራ ቀኝ እየተሯሯጡ «መልሺ! ቁረጪ! ቀጥ!» ይላሉ፤ አምስቱም የተለያየ ነገር። እናቴ አንዳቸውንም አልሰማችም። አንገቷን እንደ ሰጎን አስረዝማ፣ ግቢውን ከግድግዳ እስከ በር በአንደኛ ማርሽ አቋረጠች። በሩ ላይ የቆመችው አክስቴ ወደ ጎን ዘለለች፤ ስትዘል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። መኪናዋ ግማሽ አካሏ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። የመቆሚያው ትምህርት ያን ያህል ነበር።

እናቴ ወረደች። ጋሽ ፍሬቻ መኪናዋን ወደ ኋላ ሊመልሱ ወጡ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ወደ አክስቴ ሮጥኩ።

«እሺ፣ እንሂድ» አልኳት።

አክስቴ ቦርሳውን ከእጄ ወሰደች። ከፈት አድርጋ አየችው፤ ልብሱን፣ ማበጠሪያውን፣ አሻንጉሊቷን። ዘጋችው። ከዚያ ወደ እናቴ ሄዳ፣ በግርግሩ የተፈታ ሻሿን በሁለት እጇ መልሳ አሰረችላት፤ ጠበቅ አድርጋ፣ ለታናሽ እህቷ እንደምታስር። ቦርሳዬን እጇ ላይ አኖረችላት።

«የልጅሽን ዕቃ ቤትሽ አስገቢ» አለቻት።

እናቴ አላለቀሰችም። አክስቴም አላለቀሰችም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ጠዋት ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ አዲሱ ቀሚሴ አፈር እስኪለብስ፣ ቴሌቪዥኑ ስለቀረብኝ።